መብራቱ የተሠራው ለየትኛው መንገድ ነው?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ መኪና መብራት የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። አራቱም የተጻፉት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ የመንገድ መብራት ከሚሳሳባቸው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ከማይገኝባቸው ሰፈሮች። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ሥራዬ ቃሊቲ ስለሆነ ማታ ማታ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። አጭር መብራት እያበራሁ ስሄድ እንኳ ከፊት ለፊት የሚመጡ ሾፌሮች ረጅም መብራታቸውን ብልጭ እያደረጉ ይቆጡኛል። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን መብራቱን ዝቅ አደረገልኝ፤ ቁጣው ቀነሰ፣ እኔ ግን መንገዱ አይታየኝም። ባለፈው ሳምንት በቀኙ የመንገድ ዳር አህያ እየነዳ የሚሄድ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈልኝ። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጁ እንኳን ተረፈ፤ እርስዎም ነገሩን ሳያቃልሉ በመጠየቅዎ እናመሰግናለን። በደብዳቤዎ ሁለት ምልክቶችን ጠቅሰዋል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይኑን ይወጋዋል፤ በቀኝዎ በኩል ያለው የመንገድ ዳር ደግሞ ይጨልምብዎታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፤ የመኪናዎ የፊት መብራት የተሠራው በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዳበት አገር ነው።

አጭር መብራት በሁለቱም በኩል እኩል የሚያበራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአውሮፓን ወይም የጃፓንን ደንብ ተከትሎ የተሠራ አጭር መብራት ከላይ በኩል በቢላ የተቆረጠ የሚመስል የብርሃን ጠርዝ አለው። ይህ ጠርዝ ከፊት ለፊት በሚመጣው መኪና በኩል አግድም ተዘርግቶ ዝቅ ይላል፤ በእግረኛው በኩል ግን እየሰገገ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይህም የመንገዱን ዳር፣ በዳር የሚሄደውን ሰውና የመንገድ ምልክቱን ከሩቅ ለማሳየት ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ላይ የሚወጣው ብርሃን በቀኝ በኩል ይሆናል፤ በግራ በሚነዳባቸው በጃፓን፣ በእንግሊዝና በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ በግራ በኩል ነው። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ለግራ የተሠራ መብራት እዚህ ሲመጣ ሥራው ይገለበጣል፤ ከፍ ብሎ የሚወጣው ብርሃን ከፊት ወደሚመጣው ሾፌር ዓይን ይሄዳል፣ ዝቅ ያለው ክፍል ደግሞ ልጁና አህያው የሚሄዱበትን ዳር በጨለማ ይተወዋል።

ቪትዝ ላይ ይህ ለምን ይከሰታል? ቪትዝ ማለት ቶዮታ ይህችን መኪና በጃፓን ገበያ ሲሸጣት የነበረ መጠሪያዋ ነው፤ በአውሮፓ ያሪስ ትባላለች። ስለዚህ በጀርባዋ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ይዛ የመጣች መኪና ከፋብሪካ የወጣችው ለጃፓን መንገድ፣ መሪዋም በቀኝ ሆኖ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረው በኋላ ነው። ዝውውሩን የሠሩት ሰዎች ጠንቃቆች ከሆኑ የፊት መብራቶቹንም ይለውጣሉ፤ ካልሆኑ ግን መሪውን፣ ፔዳሎቹንና ዳሽቦርዱን አዛውረው መብራቱን እንደነበረ ይተዉታል፤ ገዢው ቀን ላይ መኪናዋን ሲያይ ይህ ጉድለት አይታየውምና።

በግምት እንዳይሄዱ አንድ ምሽት ሩብ ሰዓት ያህል መድበው ራስዎ ያረጋግጡ። የጎማዎቹን ነፋስ ያስተካክሉ፤ በውስጧ ከእርስዎ በቀር ጭነት አይኑር። ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ከፊት መብራቱ እስከ ግድግዳው 5 ሜትር እንዲሆን አድርገው ያቁሟት። ከመሬት እስከ አምፖሉ መሐል ያለውን ቁመት ይለኩና በዚያው ቁመት በግድግዳው ላይ በጠመኔ አግድም መስመር ያስምሩ፤ ከዚያም አጭር መብራቱን ያብሩ። አንዱን መብራት በካርቶን እየጋረዱ ሌላውን ለብቻው መመልከት ይሻላል። ወደ ግድግዳው ፊትዎን አዙረው ሲቆሙ የብርሃኑ ጠርዝ በግራዎ በኩል አግድም ሆኖ በቀኝዎ በኩል ወደ ላይ ከወጣ መብራቱ ለእኛ መንገድ የተሠራ ነው። በግራዎ በኩል ወደ ላይ ከወጣ ግን የጃፓኑ መብራት አሁንም አለ ማለት ነው። አግድም የሆነው የጠርዙ ክፍል ደግሞ ካሰመሩት መስመር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ለቤት መኪና የዓለም አቀፉ ደንብ መለኪያ በየአንድ ሜትሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነውና።

ሌላው ምልክት ያለው በመብራቱ መስታወት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በጄኔቫ በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት የጸደቀ መብራት በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲኑ ኢ ፊደልና ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ይናገራል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 11 እንግሊዝ፣ 43 ጃፓን፣ 47 ደቡብ አፍሪካ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር አይተው "የአውሮፓ ነው፣ ጥሩ ነው" ይላሉ፤ ቁጥሩ ግን መብራቱ ለየትኛው የመንገድ ወገን እንደተሠራ አይናገርም። ያንን የሚናገረው ከአጠገቡ ያለው ቀስት ነው። ከመብራቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት ቀስት ካለው ለግራ መንገድ ብቻ የተሠራ ነው፤ ቀስቱ በሁለቱም ጫፍ ከተሳለ ለሁለቱም የሚስተካከል ነው፤ የኢ ምልክቱ ኖሮ ቀስት ከሌለው ደግሞ ለቀኝ መንገድ ነው። ጃፓን ስምምነቱን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1998 ስለሆነ በቆዩ የጃፓን መኪኖች ላይ ምልክቱ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ግድግዳው ከመስታወቱ ይበልጥ የታመነ ምስክር ነው።

ኤሌክትሪሻኑ መብራቱን ዝቅ ማድረጉ መፍትሔ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የተሳሳተው የብርሃኑ ቅርጽ እንጂ ከፍታው አይደለም፤ ቅርጹ ደግሞ በመስታወቱና በአንጸባራቂው ውስጥ ስለተሠራ በቡሎን አይስተካከልም። ማድረግ የሚገባው ከእርስዎ ቪትዝ ጋር የአንድ ዘመን የሆነችውን የያሪስ፣ በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራውን የፊት መብራት ፈልጎ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው። የተለወጠውንም እዚያው በግድግዳ ፊት አስለክተው ይረከቡ። እስከዚያው ድረስ በማታ ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣብዎትን ምክር ስለማውቀው ነው። "አምፖሉን በኤል.ኢ.ዲ. ለውጠው፣ ጥርት አድርጎ ያሳይሃል" ይባላሉ። ለተራ አምፖል የተሠራ አንጸባራቂ የሚለካው በአምፖሉ ውስጥ ከሚበራው ክር ቦታ ነው፤ ክሩ የነበረበት ነጥብ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ጠርዙ ይደበዝዝና ብርሃኑ ወደ ላይ ይበተናል። ርካሾቹ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ብርሃን የሚሰጡበት ቦታና ቅርጽ ከክሩ ጋር አንድ አይደለም። በአሜሪካ እንዲህ ዓይነቱን አምፖል ለፊት መብራት መተካት የፌዴራሉ ደንብ አይፈቅድም፤ በጀርመንም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተፈቀደው ተፈትነው ለጸደቁ አምፖሎችና በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ዓይነቶች ብቻ ነው። ከቅርብ የሚያዩት አስፋልት ነጣ ብሎ ስለሚታይዎ መብራቱ የተሻለ ይመስልዎታል፤ የሩቁ ግን አይሻልም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ተመልሶ ሲመጣ መኪናውን ይዞ መጣ፤ አሁን ለገጣፎ የምነዳው እኔ ነኝ። የኋላ ፍሬቻው ቀይ ነው። ከኋላዬ የነበረ ባለ ባጃጅ ልታጠፍ ስል ሊገባብኝ ነበር፤ "ፍሬን የያዝሽ መስሎኝ ነው" አለኝ። ይህ የፋብሪካ ስህተት ነው ወይስ የተለወጠ ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም፣ የተለወጠም አይደለም፤ የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው ነው። አሜሪካ የ1958ቱን ስምምነት አልፈረመችም፤ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ፣ ቁጥር 108 የሚባል የራሷ የፌዴራል የመብራት መስፈርት አላት። የአሠራር መንገዳቸውም ይለያያል፤ በአውሮፓ መብራቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት በኩል ተፈትኖ ይጸድቃል፣ በአሜሪካ ግን ደንቡን አሟልቻለሁ ብሎ የሚያረጋግጠው ፋብሪካው ራሱ ሲሆን መንግሥት በኋላ ከገበያ እየገዛ ይፈትሻል። በመስታወቱ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካዩ ይህ የፋብሪካው የራሱ ማረጋገጫ ነው።

በስምምነቱ ደንብ የኋላ ፍሬቻ ብርቱካናማ መሆን ግዴታ ነው። በአሜሪካ ግን ቀይም ብርቱካናማም ይፈቀዳል። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ያው ቀይ አምፖል ፍሬንም ፍሬቻም ሆኖ ይሠራል፤ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ወደ ግራ ፍሬቻ ሲያሳይ የቀኙ መብራት በርቶ ይቀራል፣ የግራው ብልጭ ድርግም ይላል። አሁን የእርስዎን ባለ ባጃጅ አስቡት። ከኋላዎ ሆኖ የሚያየው የመኪናዎን የግራ ጥግ ብቻ ነው፤ ቀዩ መብራት በራ፣ ጠፋ። ፍሬን ነክተው ለቀቁ ብሎ ያስባል፤ ሊታጠፉ መሆኑን የሚነግረው ምንም ነገር የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ራሱ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ መኪና ሲታጠፍ ወይም መስመር ሲቀይር ከኋላ የመመታቱ አደጋ ፍሬቻው ብርቱካናማ ሲሆን 5.3 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። ደንቡ ግን እስካሁን ሁለቱንም ይፈቅዳል። በዚህ ነገር ትክክሉ የአውሮፓው ደንብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ የኋላው ተከታይ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና ጋሪ በሆነበት መንገድ ላይ።

ብርቱካናማ አምፖል ገዝተው በቀዩ መስታወት ውስጥ ቢከቱ ለውጥ አያመጣም፣ ቀይ መስታወት የሚያሳልፈው ቀይ ብርሃንን ብቻ ነውና። መጀመሪያ የመኪናዎ ዓይነት ለአውሮፓ ወይም ለዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ተሠርቶ እንደሆነ ያጣሩ፤ ከሆነ የዚያኛውን የኋላ መብራት አግኝቶ ማስገባት ይቻላል፤ ሽቦው የሚለይበት ጊዜ ስላለ ሥራውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ይስጡ። ካልሆነ ሁለት ነገሮችን ልማድ ያድርጓቸው፤ ፍሬን ከመንካትዎ ቀደም ብለው ፍሬቻ ያሳዩ፣ ከመታጠፍዎም በፊት በስፖኪዮ ከኋላዎ ያለውን ይመልከቱ።

ሁሉም ነገር የአውሮፓው ይሻላል ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። በመኪናዎ ጎን ላይ፣ ከፊት ጥግ ብርቱካናማ፣ ከኋላ ጥግ ቀይ የሆኑ ትናንሽ መብራቶች ይኖራሉ። አሜሪካ እነዚህን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በግዴታ ስታስገጥም፣ በስምምነቱ ደንብ ግን ግዴታ የሚሆኑት ከ6 ሜትር በላይ ለሆነ መኪና ነው። ከመስቀለኛ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ብቅ የሚል መኪና በጨለማ ከጎኑ የሚታየው በነዚህ ነው፤ በለገጣፎ የውስጥ መንገዶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላው መስታወት መሐል ያለውን ሦስተኛውን የፍሬን መብራት ለቤት መኪና ግዴታ በማድረግም አሜሪካ ከ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምራ አውሮፓን በዓመታት ቀድማለች። በእኛ ሚኒባሶች ላይ ይህ መብራት በተለጣፊ ሥዕልና በጥቅስ ተሸፍኖ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ከሦስቱ መብራቶች በቅድሚያ የሚታየው እሱ ነበርና።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛሁት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቀን ቀን ከፊቱ መብራት ያበራል። ማጥፊያውን አላገኘሁትም። ባትሪ አይጨርስም ወይ? — ከአያት

መልስ፦ ይህ የቀን መብራት ይባላል፤ የሚጠቀመው ኃይል ጥቂት ስለሆነ አይስጉ፣ ማጥፊያም አይፈልጉለት። ሐሳቡ የተነሣው ከሰሜን አውሮፓ ነው፤ ስዊድን ቀንም ቢሆን መብራት ማብራትን በ1977 (እ.ኤ.አ.) ግዴታ አደረገች፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ የሚጸድቁ የመኪና ዓይነቶች ከነቀን መብራታቸው እንዲሠሩ ወሰነ። አሜሪካ ትፈቅዳለች እንጂ አታስገድድም።

ሊያሰጋዎት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በብዙ መኪኖች የቀን መብራት የሚበራው ከፊት ብቻ ነው፤ የኋላው ጨለማ ነው። በእኛ አገር ምሽት እንደ ስዊድን ረጅም አይደለም፤ ዓይን ያዝ ካደረገበት እስከሚጨልም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሾፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስለሚያይ፣ ዳሽቦርዱም ሁልጊዜ ስለሚበራ፣ መብራት ያበራሁ ይመስለዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ግን ምንም አያይም። ዛሬ ማታ መኪናዎን አስነስተው ወደ ኋላዋ ይዙሩና የኋላ መብራቱ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልበራ የመብራት መምረጫውን ራሱን ችሎ የሚያበራው ቦታ ላይ ያድርጉት፤ በዝናብና በጉም ጊዜ ደግሞ በእጅዎ ያብሩት፣ ሰማዩ ነጭ ሲሆን ራሱን የሚያበራው መሣሪያ የጨለመ ላይመስለው ይችላልና። የቻይና የመብራት ደንብ በአብዛኛው ከስምምነቱ ደንብ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ቻይናም በቀኝ ስለምትነዳ፣ የኮዬ ፈጬው ጠያቂያችን ችግር እርስዎን አያገኝዎትም።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምኖረው። በክረምት ጠዋት ከእንጦጦ ማዶ ጉሙ ሲወርድ ሰው ሁሉ አራቱንም ፍሬቻ እያበራ ይነዳል። እኔም አደርጋለሁ፤ ልጄ ግን "አባባ፣ ልክ አይደለም" ይለኛል። በመኪናዬ ላይ ከኋላ በአንድ በኩል ብቻ የሚበራ ደማቅ ቀይ መብራትም አለ፤ ሌላው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው። አራቱ ፍሬቻ የተሠራው ለቆመ ወይም አደጋ ላይ ላለ መኪና ነው። ሁሉም እያበራ ሲሄድ ከፊትዎ ያለው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን በጉም ውስጥ መለየት አይችሉም፤ ሊታጠፍ ቢፈልግም የሚያሳይበት ፍሬቻ የለውም። በአሜሪካ እንኳ እየነዱ አራቱን ፍሬቻ ማብራት በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የተፈቀደ፣ በሌሎች የተከለከለ ነው።

ያ ደማቅ ቀይ መብራት አልተበላሸም፤ ጉሙን ያሰበ ሰው የሠራልዎ የኋላ የጉም መብራት ነው። በስምምነቱ ደንብ ቢያንስ አንድ የኋላ የጉም መብራት ግዴታ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነም በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ በኩል ወይም መሐል ላይ፣ ከፍሬን መብራቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ መቀመጥ አለበት፣ ፍሬን እንዳይመስል። ድምቀቱ ከተራው የኋላ መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአሜሪካ ደንብ ግዴታ ስላልሆነ ከዚያ የመጡ መኪኖች አብዛኞቹ የላቸውም። የእርስዎ በቀኝ በኩል ከሆነ መኪናዋ በግራ ከሚነዳበት አገር መጥታ ሊሆን ስለሚችል የፊት መብራቷንም ከላይ እንደተጻፈው በግድግዳ ፊት ያስለኩ።

ማብራቱን የሚወስነው የሚያዩት ርቀት ነው። በጀርመን ይህ መብራት የሚበራው ማየት የሚቻለው ከ50 ሜትር በታች ሲሆን ብቻ ነው፣ ያኔም ፍጥነቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በእንግሊዝ መለኪያው 100 ሜትር ነው። በእንጦጦ አቀበት ላይ ሜትር አይለካም፤ ስለዚህ ከፊትዎ ያለው መኪና ታርጋ ብቻ ሳይሆን መኪናው ራሱ ሲሰወርብዎ ያብሩት። አጭር መብራትዎንም አብረው ያብሩ፤ ረጅሙ በጉም ውስጥ ተመልሶ የራስዎን ዓይን ያጥበረብራል። ወደ ከተማው ሲወርዱ ጉሙ ይገፈፋል፤ ያኔ የኋላውን የጉም መብራት ወዲያው ያጥፉት፣ በጠራ አየር ላይ ከኋላዎ ያለውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፣ የፍሬን መብራትዎንም ይሸፍንበታል።